የሲስተር ስንቅነሽ ቀኝ ክንድ

ሲስተር ስንቅነሽ መሞቷን የነገረኝ የቀድሞው ዳይሬክተራችን ነው። ወልቂጤ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር። «ስኳሩ ጣላት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቡታጅራ» አለኝ በስልክ። እሺ ብዬ ዘጋሁትና ማረሜን ቀጠልኩ። ሦስት ደብተር ከጨረስኩ በኋላ ትክክለኛውን መልስ ሁሉ በቀይ እየሰረዝኩ እንደነበር አየሁ። ቀብሩ ሳይፈጸም ለአንድ ሰው መናገር ያለብኝ ነገር ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልናገረው የኖርኩት።

እንደ ደንቡ ቢሆን አሁን ደግነቷን መደርደር ነበረብኝ። በእኛ አገር ሰው ደግ ለመባል መጀመሪያ መሞት አለበት፤ ለቅሶ ላይ ክፉ ሰው አይቼ አላውቅም። የሲስተር ስንቅነሽን ደግነት የማውቀው ግን በራሴ ፈሪነት በኩል ስለሆነ፣ አንዱን ጽፌ ሌላውን መተው አልችልም።

ያገኘኋት ቡታጅራ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ ዓመት ነው። እኔ የሰሜን ሰው ነኝ፤ አፌን ስከፍት የዚህ አገር ልጅ አለመሆኔን ሁሉም ያውቃል። እሷ እዚያው ቡታጅራ ዙሪያ ተወልዳ ያደገች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የትምህርት ቤቶች ጤና በእሷ ላይ ተጥሎ ስለነበር ሰኞ ሰኞ እኛ ጋ ትመጣለች። አጭር፣ ደንዳና፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነበረች። የባንዲራ ሰልፉ እንዳለቀ ከፊት ትቆምና «እጅ!» ትላለች። ያ ሁሉ ልጅ እጁን ይዘረጋል። ጥፍሩ የቆሸሸውን አትመታም፣ አትሳደብም፤ ከኪሷ መቁረጫ አውጥታ እዚያው ሰልፍ ላይ ራሷ ትቆርጥለታለች። ቅማል ያለበትን ልጅ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ታስቀምጥና፣ ጴንጤ ስለሆነች መዝሙር እያንጎራጎረች በማበጠሪያ ታራግፍለታለች።

«ሆስፒታል የበሽታ ቤት ነው» ትል ነበር። «የጤና ቤቱ ትምህርት ቤት ነው። እኔ እዚህ በደንብ ከሠራሁ እዚያ ያሉት ሥራ ይፈታሉ።»

ዳይሬክተሩንም፣ ከዞን የመጣውን ኃላፊም፣ ዘበኛውንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔ እንደ አስተዳደጌ «እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «እኔ አንድ ሴትዮ ነኝ። ምን አድርጌህ ነው የምታበዛኝ? አንቺ በለኝ!» አለች። ከዚያ በኋላ እናቴ የምትሆነውን ሴት አንቺ እያልኩ ኖርኩ።

ጦርነቱ መጀመሪያ የሰሜኑ ነበር። የእናቴ ስልክ ተዘጋ፤ መኖሯንም መሞቷንም የሚነግረኝ ጠፋ። ቀጥሎ እኛው ደጅ መጣ። ከእንሴኖ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች፣ አንድ ገበያ ሲውሉ የኖሩ ሰዎች ተጋደሉ፤ ቤት ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ። ትምህርት ቆመ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በተፈናቃይ ሞላ።

የመጀመሪያዎቹ ተፈናቃዮች በአይሱዙ ተጭነው የገቡ ቀን ሲስተር ከሁላችንም ቀድማ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ጀርባዋ የተቃጠለ አንዲት ልጅ አወረዱ። ቀሚሷ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል። ሲስተር የአስተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ በሆዷ አስተኛቻትና «እግሯን ያዝ» አለችኝ። ያዝኩ። ጨርቁን በጨው ውሃ እያራሰች በመቀስ መቁረጥ ስትጀምር፣ ጩኸቱም ሽታውም ከአቅሜ በላይ ሆነና ግድግዳው ሥር ሄጄ አስታወክሁ። ሲስተር ቀና ብላም አላየችኝ። «ስትጨርስ ሌላ ውሃ አፍላ» አለች።

አንድ ቀን ደግሞ አራተኛ ክፍል ውስጥ የቫይታሚን ጠብታ እየሰጠች ሳለ ተኩሱ ወደ ከተማው ዳር ቀረበ። ጥይት ጣሪያውን ሁለት ቦታ በሳው። እናቶች እርስ በርስ ተረጋገጡ። «ዴስክ ሥር!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ገባ፤ እኔም ገባሁ። እሷ ግን በጉልበቷ እየዳኸች ከዴስክ ዴስክ ትሄዳለች፤ «አፍ!» እያለች፣ የቫይታሚኑን እንክብል ጫፍ በመቀስ እየቆረጠች፣ ታንጠባጥባለች።

«ሲስተር፣ ኧረ በፈጠረሽ ተኚ!» አልኳት።

«ጥይቱ ለማን እንደሚደርስ አላውቅም። ይሄ ግን ለሁሉም ይደርሳል» አለችኝ። መቀሱን አስያዘችኝ። «በል ቁረጥ። ፍርሃት ሥራ ፈት ይወዳል።»

በሳምንቱ መሣሪያ የያዙ ወጣቶች አጥሩን ጥሰው ገቡ። ከተፈናቃዮቹ መሀል የምንፈልገው ሰው አለ ይላሉ። ከፊት ያለው ጎረምሳ ክላሹን አቀባብሎ የክፍሉን በር በእግሩ መታው። ሲስተር እየሮጠች መጥታ በእሱና በበሩ መሀል ቆመችና በጥፊ አጮለችው። ኮፍያው ወደቀ።

«አንተ የወልዴ ልጅ አይደለህም? ቅማልህን እዚያ ታንከር ሥር የለቀምኩት እኔ ነኝ! ዛሬ አንተ ሰው ልትለቅም መጣህ?»

ልጁ አፈሙዙን ደረቷ ላይ ደገነ። ለምን እንዳልተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮፍያውን አነሳ፣ የቢሮውን መስኮት በሰደፍ አደቀቀ፣ ጓደኞቹን ይዞ ወጣ። ሲስተር የመታችበትን እጅ ገልብጣ እያየች «ልጅ መትቼ አላውቅም ነበር» አለች።

ከጥይት የተረፈውን ልጅ ደግሞ ኩፍኝ ጠበቀው። በተዘጋው መንገድ ምክንያት ክትባት ያመለጣቸው የገጠር ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አርባና ሃምሳ ሰው ታጭቆ ይተኛል። ሦስት ሕፃናት በተከታታይ ሞቱብን። መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት አምቡላንስ ክትባት አመጣ። ብዙው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለነበሩት ዋለ። የቀረውን በአካባቢው ዘመድ ተጠግተውና ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት ተፈናቃዮች፣ ቤት ለቤት እየዞርን ልንሰጥ ወጣን። እሷ ትወጋለች፣ እኔ እመዘግባለሁ።

እዚያ አገር፣ በእኔም አገር እንደዚያው ነው፣ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከሰው ዓይን ይደበቃል። ጨለማ ጓዳ ይተኛል። መርፌ ከነካው ኩፍኙ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይገድለዋል ይባላል። ስለዚህ ሲስተር ስታንኳኳ ብዙ እናቶች የታመመውንም ጤነኛውንም አንድ ላይ ደብቀው «ልጅ የለም» ይሉን ነበር።

ቤት ለቤት ክትባት ሲሰጥ በር ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ልጆቹ የተከተቡበት ቤት ክብ፣ ልጅ ያልተገኘበትና ተመልሰን የምንሄድበት ቤት ኤክስ። ሲስተር ገና ስንወጣ «ጠመኔውን ተው። ጊዜው ክፉ ነው፤ ደብተርህ ላይ ብቻ ጻፍ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሥርዓት ካልሆነ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ።

«አሠራሩ እንዲህ ነው ሲስተር» አልኳት። «ቤቶቹ ቁጥር የላቸውም። ነገ ስንመለስ በምን እናውቃቸዋለን?»

«እሺ፣ የተማርከው አንተ ነህ» አለች።

በዚያ ቀን አሥራ ዘጠኝ በር ላይ ኤክስ ጻፍኩ። እንደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ትልቅና ቀጥ ያለ፣ ባማረ ጽሕፈት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በማግስቱ ተመልሰን ስንወጣ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ እኛ ብቻ አልሰማንም። «ገጠር የተቃጠሉት ቤቶችም መጀመሪያ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር» ተብሏል። ኤክስ ያለባቸው በሮች ደግሞ ሁሉም የተፈናቃይ ቤቶች ናቸው። ቤቱ አንዴ የተቃጠለበት ሰው ጠዋት ተነስቶ በሩ ላይ ምልክት ሲያይ ምን እንደሚያስብ ለመገመት መማር አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አልገመትኩም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን መንገድ ላይ ከበቡን። ዱላ፣ ገጀራ፣ ድንጋይ ይዘዋል። ከፊት ታምሩ ነበር። ታምሩ በያጅ ነው፤ ከእንሴኖ በኩል ወርክሾፑ ተቃጥሎ፣ ወንድሙን ዓይኑ እያየ ገድለውበት፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው። በእጁ ፌሮ ብረት ጨብጧል።

«በሬ ላይ የጻፈው ማነው?» አለ።

ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቶቼ ነጭ ነበሩ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። በዚያ ሰሞን የሰሜን ሰው ሆኖ የሰው በር ላይ ሲጽፍ መገኘት የሞት ፍርድ ነው፤ አፌን ብከፍት አነጋገሬ ብቻ ይበቃቸዋል። ግን ሰበብ አላበዛም፤ ፈራሁ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ሲስተር። የክትባቱን ሳጥን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «የክትባት ምልክት ነው። ልጆቻችሁን...»

አላስጨረሳትም። የመጀመሪያው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሲሰነዝር ቀኝ ክንዷን አነሳች። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ። ስትወድቅ አንዱ ሳጥኑን በትልቅ ድንጋይ ፈጠፈጠው፤ በረዶውና ብልቃጦቹ አቧራው ላይ ተበተኑ፣ እግር ረገጣቸው። አንዲት ሴት ሲስተርን በፀጉሯ ይዛ ጎተተቻት። እኔን አንዱ ሆዴን በእርግጫ ብሎ ጣለኝ። መሬት ወድቄ፣ እሷ እየተደበደበች፣ እኔ ጣቶቼን አፈር ውስጥ አሻሽ ነበር፤ ጠመኔው እንዲለቅ።

ያስቆማቸው የታምሩ ሚስት ናት። እየጮኸች ከቤት ወጥታ ሲስተር ላይ ተደፋች። «ተው ታምሩ! ልጅ የለም ያልኳት እኔ ነኝ! ናቲን ኩፍኝ ይዞት ጓዳ ደብቄው ነው! ሀናንም አብሬ ደብቄያት ነው! እኔን ግደለኝ!»

ታምሩ ብረቱን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየ፣ የተሰባበሩትን ብልቃጦች አየ፣ ብረቱን ጣለው። ሰዉ አንድ በአንድ ዓይኑን እየሰበረ ሄደ። የሲስተርን ክንድ በማስመሪያዬና በሻርፗ አሠርኩላት። የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ክትባቱ ሄደ።»

መንገዱ እንደገና ተዘጋና ሌላ ክትባት እስኪመጣ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። በመሀሉ የታምሩ ልጅ ናቲ ዳነ። የአራት ዓመቷ ሀና ግን ትኩሳት ጀመራት፣ ቀጥሎ ኩፍኙ ወጣ፣ ቀጥሎ ሳንባዋን ያዛት። ታምሩ ራሱ ተሸክሟት ትምህርት ቤት መጣ። ሲስተር ቀኝ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር። ማን እንደሆነ እያወቀች ልጅቷን በግራ እጇ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ለሦስት ቀን በማንኪያ ውሃና መድኃኒት ስትሰጣት ቆየች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሀና እዚያው እቅፏ ውስጥ ሞተች።

ታምሩ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያላትም ጀመር። ሦስት ሆነን ያዝነው። «ያን ቀን ብትወጊያት ትድን ነበር?» አላት፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽለት ነበር። «ምናልባት» አለች ሲስተር። «ወንድሟ ታሞ ስለነበር ምናልባት ያኔውኑ ይዟት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ትድን ነበር። አላውቅም ወንድሜ።»

ውሸት የማታውቅ ሴት ናት። ለዚህ ነው ቀጥሎ የሆነው የሚከብደኝ።

ነገሩ በሽማግሌ ታየ። በአገሩ ወግ አጥንት የሰበረ ይክሳል፤ ከዕርቁ በፊት ግን በነገሩ ውስጥ የነበረ ሁሉ እውነቱን ያወጣል፤ የደበቀ ሰው እርግማን ይወርድበታል። የሽማግሎቹ አንጋፋ ሀጂ ከድር ናቸው። ሰላምታና ዱዓ ካደረጉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተም ነበርክ። ምልክቱን በር ላይ የጻፈው ማነው?»

ታምሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ልጁን ከቀበረ ሳምንት አልሞላውም። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነቱን እግዜር ያውቃል። ሲስተር ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይጠየቃል?»

«ቃልሽ ነው?» አሏት ሀጂ። ጴንጤ ስለሆነች እንደማትምል ያውቃሉ፤ ቃሏን ግን ከመሐላ በላይ ያምኑታል።

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ቃሌ ነው» አለች። ያ ቃል ከአጥንቷ ስብራት በላይ እንዳመማት ፊቷ ላይ አየሁ። አይቼም አፌን ዘጋሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ አያውቀውም።

ካሳ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት ታምሩን አየችው። «አንድ ክንድ ሰብሮብኛል፤ አንድ ክንድ ይስጠኝ። ሳጥኑን ይሸከምልኝ፣ በር ያንኳኳልኝ» አለች።

ክትባቱ ሲመጣ ታምሩ ሳጥኑን ተሸከመ። በየበሩ ላይ ቆሞ «ታምሩ ነኝ» ይላል። «ክትባቱን በዚህ እጄ አስረገጥኩት። ልጄን በዚህ እጄ ቀበርኳት። ልጆቻችሁን አውጡ!» እናቶች እያለቀሱ ያወጡ ነበር። አንድም በር አልተዘጋብንም። ሲስተር በግራ እጇ መውጋት ተማረች፤ ቀኙ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው፤ ከዚያ በኋላ ከትከሻዋ በላይ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ላመሰግናት ጀመርኩ። «ተው» አለችኝ። «እኔን ሰበሩኝ፤ አንተን ይገድሉህ ነበር። የእናትህ ስልክ ተከፈተ?» አልተከፈተም አልኳት። «ለታምሩ ግን አንድ ቀን ራስህ ንገረው» አለች። «ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ነው የዋሸሁት። ውሸታም አድርገህ እንዳታስቀብረኝ።»

እሺ አልኳት። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወልቂጤ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የእናቴ ስልክ ተከፈተ፣ አገሩም ከሞላ ጎደል ረጋ፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ፣ በየበዓሉ እየደወልኩ ጤንነቷን ብቻ እየጠየቅሁ ከረምኩ። እሷም አንድም ቀን አላስታወሰችኝም።

ቡታጅራ ስደርስ ሬሳው መቃብሩ አፋፍ ላይ ነበር። ያን ያህል ልጅ ቀብር ላይ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ የወጋቻቸው አሁን ጎረምሳ ሆነዋል። መዝሙሩ አልቆ ሣጥኑን በገመድ ሲያወርዱ አንደኛውን ጫፍ የያዘው ታምሩ ነው። ሣጥኑ መሬት ነካ። ታምሩ አካፋ አነሳ። በሰው መሀል እየተጋፋሁ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

«ታምሩ፣ ቆይ። በርህ ላይ ኤክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። «ምን?»

«ያን ጊዜ። ሲስተር አትጻፍ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስትመታት ጠመኔው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሀጂ ፊት የዋሸችውም ለእኔ ብላ ነው።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። በቡጢ አፌን መታኝ። ተንገዳግጄ የተቆፈረው አፈር ላይ ወደቅሁ። ሰዎች ተሯሩጠው ያዙት፣ ሴቶች ጮኹ። «ልቀቁኝ» አላቸው። «ልቀቁኝ፤ አልነካውም።» ለቀቁት። ላዬ ላይ ቆሞ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ያኔ ብትናገር እገድልህ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እሷም ታውቅ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ በኮሌታዬ ይዞ አስነሳኝ። አካፋውን በኃይል እጄ ውስጥ አስጨበጠኝ።

«በል አፈር አልብሳት» አለ።

ደሜን ተፍቼ የመጀመሪያውን አፈር ዛቅሁ።